የእግዜር ናፍጣ

ቢቸናዎች «ፋንታ ናፍጣ አይቀዳም፣ ያሸታል እንጂ» ይሉ ነበር። ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ሠላሳ ዓመት ሲመላለስ ሌላው ሹፌር ናፍጣውን አሟጦ በሚገባበት መንገድ እሱ ግማሹን አትርፎ ይገባል። ምሥጢሩም ምሥጢር አልነበረም። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ያወጣና መኪናዋን በፍሪ ይለቃታል፤ እሷም በገዛ ክብደቷ እየተንደረደረች ትወርዳለች። «ቁልቁለት የእግዜር ናፍጣ ነው» ይላል ያን ጊዜ፣ ፂሙን እየደባበሰ። ተሳፋሪው በየመታጠፊያው ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ፍሬኑ ግሎ ሲሸት ደግሞ «ምንም አይደል፣ የቁጠባ ሽታ ነው» ብሎ ያሳምናቸው ነበር። ቢሆንም በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው እንዳልጎዳ ጠላቱም አይክደውም።

ሹፌር ከመሆኑ በፊት ፋንታ የቅኔ ተማሪ ነበር። መምህሩ የኔታ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ ቄስም ናቸው፣ የቅኔ ሊቅም ናቸው፣ ዛሬም ቢቸና አሉ። የቅኔ ቤት ወግ የታወቀ ነው። ተማሪ ሲሄድ የመምህሩን ጉልበት ስሞ፣ ተሰናብቶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። ፋንታ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ አንድ ማለዳ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ጠፋ። የጀመረው ቅኔ ሳይታረም ቀረ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ የኔታን በየመንገዱ እያገኘ እጃቸውን ስሟል። ስለዚያች ማለዳ ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አልተነፈሰም። እሳቸውም አልጠየቁትም። ጎማ በፈነዳበት፣ ሞተር በነከሰበት ቀን ሁሉ ግን በልቡ «ያልተመረቀ እጅ፣ ምን ታረገው» ይላል።

ኋላ ናፍጣ ጠፋ። ማደያው በር ላይ መኪና አሰልፎ ማደር ሥራ ሆነ፤ በጀሪካን የሚሸጠውም ውኃ የተቀላቀለበት ነው። የፋንታ አሮጌ ሚኒባስ ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት በዛ። አዲስ የሚገባው መኪና ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብቻ ነው ተባለ። ፋንታ ሊገዛ ሲነሣ የከለከለው የገዛ ልጁ ነው። ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምራል።

«አባ፣ ይታገሡ። የወደፊቱ ሃይድሮጂን ነው» አለ። «ውኃን በኤሌክትሪክ ከፍለው ያወጡታል። መኪናው ውስጥ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል። በጭስ ፈንታ የሚወጣው ጠብታ ውኃ ነው። ሲሞሉትም እንደ ናፍጣው በአምስት ደቂቃ ነው። ባትሪ ግን ከባድ ነው፤ ሰዓታት ያስቆማል፣ አቀበት ላይ ደግሞ ጉድ ይሠራዎታል።»

የተማረ ልጅ ያለው አባት ችግሩ ይኸ ነው፤ ልጁ የነገረውን ያምናል። ፋንታ አንድ ዓመት ሙሉ ሃይድሮጂንን እንደ ሰኔ ዝናብ ጠበቀው። አሮጌዋን ሚኒባስ ግቢው ውስጥ እያጠበ፣ እያበሰ ተቀመጠ። በመጨረሻ ነገሩን የቋጨችው ሚስቱ ሰገነት ናት። እሷ እህል ነጋዴ ናት፤ ከየጥኖራ እስከ ሮብ ገበያ ያለውን የጤፍና የገብስ ገበያ በጣቷ ታውቃለች። ልጇ ለፋሲካ በመጣ ጊዜ ምስር እየለቀመች ታዳምጠው ነበር።

«ቆይ ልጄ» አለችው። «በኤሌክትሪክ ሠርተውት፣ መልሶ ኤሌክትሪክ ነው የሚሆነው?»

«አዎ እማ።»

«እንግዲያ ጤፌን ሸጬ ገብስ ብገዛ፣ ገብሱንም ሸጬ መልሼ ጤፍ ብገዛ፣ ምን ይተርፈኛል?»

ኃይለ ጊዮርጊስ ሐቀኛ ልጅ ነው። ትንሽ አሰበና «ሲሦው ቢተርፍሽ ነው» አለ፣ እየሳቀ። «በየመሀሉ ይባክናል። ለጅቡቲ መንገድ፣ ለትላልቁ መኪና ግን…»

«ማደያውስ?»

«ማደያው ገና ነው። እዚህ አገር የለም።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ሰገነት፣ ወደ ምስሯም ተመለሰች። በወሩ ነጭ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሻጩ «አንድ ሙሌት ሞጣ አድርሶ ይመልስዎታል» ብሎ ማለ። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ማርሹም ብዙ ነገር አስረዳው። ፋንታ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ ማለት፣ አልሰማውም። ሠላሳ ዓመት የነዳን ሰው የትናንት ልጅ ስለ ቁልቁለት ምን ያስተምረዋል?

በጥር ወር ሞጣ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፣ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ ደረሰ። የመጨረሻዋ ቀን ማክሰኞ ናት፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ያልተመዘገበ አይስተናገድም ተባለ። እንደገና መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ቢቸናን አስሶ ሞራ የጋረዳቸው ሰባት ሽማግሌና አሮጊት አገኘ። አንዱ የኔታ ገብረ ሕይወት ነበሩ። ከታወሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቅኔውን በቃል ያስተምራሉ፣ ዳዊታቸውን ግን በእጃቸው ከመዳበስ በቀር አያዩትም። ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነው። ማኅበሩ ስለ መኪና ገና ሳያነሣ ፋንታ ብድግ ብሎ «እኔ አደርሳቸዋለሁ» አለ። ለምን እንደዚያ እንደ ቸኮለ ያወቀችው ሰገነት ብቻ ናት።

ሰኞ ማታ መኪናዋን ሊሞላ ሰካት፤ ገና ከመሰካቱ መብራት ጠፋ። እስኪነጋም አልመጣም። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳው ሃምሳ አራት ከመቶ ይላል።

«ይበቃል?» አለች ሰገነት።

«መንገዱ ቁልቁለት ሞልቶታል» አላት። «እግዜር ናፍጣውን አሰናድቶ ነው የሚጠብቀኝ።»

ሰባቱም ተሳፈሩ። የኔታ ከፊት፣ ከፋንታ ጎን ተቀመጡ፤ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሀል፣ የበሶ ከረጢታቸው በጭናቸው ላይ። ከቢቸና ወጥተው ሜዳው ላይ ሲደርሱ «ልጄ፣ መቼ ነው የምንነሣው?» ብለው ጠየቁ።

«ተነሥተናል እኮ የኔታ። እየሄድን ነው።»

«ድምፁስ?»

«ድምፅ የላትም።»

«ለዕውር የማይሆን መኪና ነው የገዛህ» አሉና ሳቁ። ፋንታም አብሮ ሳቀ። እሳቸውን በጎኑ አስቀምጦ መሄዱ ብቻ ደስ ብሎታል፤ የመጀመሪያው ቁልቁለት ሲመጣ እንደ ልማዱ ማርሹን አወጣ፣ ለቀቃት። ሁለተኛውም ላይ እንዲሁ። ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ። መኪናዋ እንደ ንፋስ ወረደች። አቀበቱ ላይ ግን ቁጥሩ ዓይኑ እያየ ይወርድ ጀመር፤ አርባ፣ ሠላሳ አንድ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ሃያ። ፋንታ በሚመጣው ቁልቁለት ሁሉ ተስፋ አደረገ፣ በፍሪም ለቀቃት፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ረጅሙን አቀበት ሲጨርሱ ዘጠኝ ቀረ። ሰሌዳው ላይም ባትሪው ማለቁን የሚነግር የዔሊ ሥዕል ቦግ አለ።

ከዔሊዋ በኋላ መኪናዋ ራሷ ዔሊ ሆነች። ከመንገዱ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቀበሌ፣ ግንደወይን ሳይደርሱ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ሲጮኽ ተሰማ። ፋንታ እየተንፏቀቀ እደጁ ደርሶ ቆመ። ሰዓቱ ሁለት ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ ልጁ ጋ ደወለ፤ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎ በድምፅ ማጉያ ነበር የሚያወራው።

ኃይለ ጊዮርጊስ ሁሉንም ሰማና «አባ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ቁልቁለቱን እንዴት ነው የወረዱት?»

ፋንታ ማርሹን አየ።

«በፍሪ ነው?»

«ታዲያ በምን ልውረድ?»

«አባ፣ ማርሽ ላይ እንዳለች ቢለቋት እኮ ጎማው ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን ይሞላልዎት ነበር። ቁልቁለቱ ነው የሚሞላው! በፍሪ ሲለቋት ግን ያ ሁሉ ዝም ብሎ ይፈስሳል።»

አመል ያወጣል ከመሀል ማለት ይኸ ነው። ሠላሳ ዓመት የኮራበት ብልሃት ሰባት ዕውሮችን መንገድ ላይ አስቀራቸው። ፋንታ ከንፈሩን ነከሰ።

«ለነገሩ ሃይድሮጂን ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ…» ብሎ ጀመረ ልጁ።

«ሃይድሮጂኑን ከየት ልቅዳው? ከምንጩ?»

«እውነትዎን ነው» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ አፍሮ። «ወፍጮ ቤት አለ ብለዋል አይደል? ወፍጮ ካለ ጠንካራ መብራት አለ። ገመድዎ መኪናው ውስጥ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቢሞላ ሞጣ ይገባሉ።»

የወፍጮው ባለቤት የኔሰው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ ወጣ። ገመዱን አየ፣ መኪናዋን አየ። «መሰካቱስ ይሰካ ነበር» አለ። «ግን ይህ መስመር ወፍጮውንና መኪናህን አንድ ላይ አይችልም። ወፍጮው ሁለት ሰዓት መቆም አለበት።»

«ስለ እግዚአብሔር አቁምልኝ።»

«መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ገና ዛሬ ጠዋት መምጣቱ ነው።» የኔሰው በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተው። «ደግሞ ተራው የኔ አይደለም። እነሱን ጠይቅ።»

በግድግዳው ጥግ ጆንያ ተደርድሯል፤ አንዱ በቀይ ጨርቅ፣ አንዱ በገመድ፣ አንዱ በልጥ የታሰረ። በዚያ አገር ወፍጮ ቤት ተራ የሚይዘው ሰው አይደለም፣ እህል ነው። ባለቤቱ ቤቱ ደርሶ ቢመጣ ጆንያውን የሚነካበት የለም፤ ያለ ጆንያ የመጣ ደግሞ ንጉሥ ቢሆን ተራ የለውም። ከተራ የሚቀድም ሁለት እህል ብቻ ነው፤ የለቅሶ እህልና የጠበል ሄያጅ ስንቅ። ከሰልፉ ፊት አራት ጆንያ የደረደረችው አስቻለች የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት። ልጇን እሑድ ትድራለች። አህዮቿን ጭና የመጣችው ወፍ ሳይንጫጫ ነበር።

ፋንታ ነጠላውን አደግድጎ ቆመና ለመነ። ስለ ሐኪሞቹ ነገራቸው፣ ስለ ስድስት ሰዓቱ ነገራቸው፣ ስለ መኪናዋም፤ ስለ ፍሪው ብቻ አልነገራቸውም።

«ጋሼ፣ እህልዎ የታለ?» አለችው አስቻለች።

«እህል የለኝም እናቴ። የምለምነው መብራቱን ነው።»

«ወፍጮ ቤት ያለ እህል ተራ የለም።»

ከኋላ አንዷ «የከተማ ሰው መብራት አንሶት እኛ ዘንድ መጣ?» ብላ አጉረመረመች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ሊፈረድባቸው አይገባም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቻቸውን ቆሎ እያበሉ ነው የሰነበቱት። ፋንታ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ዛሬ ካልደረሰ፣ የኔታ ዳዊታቸውን እየዳበሱ ወደ መቃብር እንደሚወርዱ፣ የሚወርዱትም በእሱ እጅ እንደሆነ አሰበ።

ያን ጊዜ የመኪናው በር ተከፈተ። የኔታ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ ወረዱ፤ ስድስቱም አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ ተከተሏቸው። ማንም አልጠራቸውም፤ አየር ለመቀበል ነው የወረዱት። የኔታ ድምፅ ወዳለበት ዞረው «እንዴት አደራችሁ ልጆቼ» አሉ። ሰባቱም ተደርድረው ቆሙ፣ ወደ ወፍጮውም ወደ ሰውም ሳይሆን ወደ ባዶው እያዩ።

አስቻለች ጠጋ አለች። «አባቴ፣ ወዴት ነው?»

«ሞጣ፣ ለዓይን። ዛሬ ከደረስን እናያለን ይላሉ።»

አስቻለች አራቱን ጆንያዎቿን አየቻቸው። ወደ ሰልፉ ዞረች፤ ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው። «የጠበል ሄያጅ ስንቅ ተራ ይጠብቃል ወይ?»

«አይጠብቅም» አሉ ሁለት ሦስት ሴቶች።

«የነዚህስ መንገድ ከጠበል በምን ያንሳል? መኪናይቱ የምትበላው ስንቃቸው አይደለም ወይ?»

አስቻለች የየኔታን የበሶ ከረጢት ከእጃቸው ተቀበለች፣ ከጆንያዎቿ ፊት፣ ከወፍጮው አፍ ሥር አስቀመጠችው። «ይኸው፣ እህላቸው ተራ ይዟል። የኔሰው፣ አቁመው!»

«ሠርግሽስ?» አለቻት ያቺ ያጉረመረመችው።

«ሠርጌ እሑድ ነው። የነሱ ዓይን ግን ዛሬ ነው።»

ወፍጮው ጸጥ አለ። ያጉረመረመችውም ሴት ሳትጠየቅ ሄዳ በእንስራ ውኃ አመጣች፤ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ሽምብራ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹን ጆንያው ላይ አስቀመጧቸው። ፋንታ ወደ መኪናው ጀርባ ዞሮ አለቀሰ። እፍረትም ነበረበት፣ የበለጠው ግን ምስጋና ነው። ልጁ ስለ ሙሌት ደቂቃ ሲከራከረው አባትም ልጅም ስለ እነዚህ ሴቶች አያውቁም ነበር። ነገ ተነገ ወዲያ ሃይድሮጂኑም ይመጣ ይሆናል፤ ዛሬ ግን እግዜር ያስቀመጠለት ወፍጮ ያለበት ሰፈርና ተራዋን የምትሰጥ ሴት ናት። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ ሲወጣ ለእያንዳንዱ «ተመስገን» አለ። ሠላሳ ስምንት ጊዜ አለ።

ሞጣ የገቡት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ሰባቱም ተመዘገቡ፣ በዚያው ቀን ሞራቸው ተገፈፈ። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን በየተራ ስትፈታ ፋንታ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አንዷ አሮጊት መጀመሪያ ያየችው የገዛ እጇን ነው፤ «ውይ፣ እንዲህ ተጨማድደህልኝ ኖሯል?» ብላ ተሳለቀችበት። የኔታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ፣ ገለጡ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ አንድ ገጽ በዓይናቸው አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ሳሙት። እንባቸውን ነርሷ ናት የጠረገችላቸው፣ መድኃኒቱ እንዳይታጠብ።

ሲመለሱ መኪናዋ ሞጣ አድራ ጥግብ ብላለች። ፋንታ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ እጁ ወደ ማርሹ ሄደ፤ መለሰው። መኪናዋ እንደ ሰለጠነች በቅሎ ቀስ እያለች ወረደች፣ ቁጥሩም ከሰማንያ ወደ ሰማንያ ሁለት ወጣ። ፋንታ እንደ ልጅ ሳቀ። የእግዜር ናፍጣ ሲል የኖረው እውነት ኖሯል፤ ሠላሳ ዓመት የሚቀዳበት ዕቃ አልነበረውም፣ ባገኘ ጊዜ ደግሞ ሲያፈስሰው ከረመ።

እወፍጮው ደጅ ሲደርሱ የኔታ «አቁም» አሉ።

ትናንት እነሱ ከሄዱ በኋላ መብራት ደግሞ ጠፍቶ ስላደረ የሦስት ቀኑ ውዝፍ አላለቀም፣ ሰልፉ እንዳለ ነው። አስቻለችም ሁለት ጆንያ ቀርቷት ከፊት ቆማለች። የኔታ ወረዱና «ትናንት ከተራ ቀድሜ አልፌአለሁ» አሉ። «ዛሬ በተራ ነው የማልፈው። ፊታችሁን ልየው።»

ከፊት ጀመሩ። አስቻለችን ትኩር ብለው አይተው «አንቺ ነሽ? ድምፅሽ ያስፈራኝ ነበር፣ ፊትሽ ግን ያምራል» አሏት። «ለልጅሽ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላት። ሠርግሽ አይጉደል።» አስቻለች ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀጥለው ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ሦስተኛዋ፣ ያጉረመረመችውንም ጨምሮ፤ ማንንም ሳይዘሉ፣ እያንዳንዷን ፊት እያዩ እየመረቁ። የኔሰው ነጭ ሆኖ ብቅ ቢል «ይኸኛውስ ሰው ነው መልአክ?» ብለው ሰልፉን በሳቅ ገደሉት። ስድስቱም ከኋላቸው ሆነው አሜን ይላሉ።

ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከጆንያው ሁሉ ኋላ፣ ፋንታ ቆሟል። ለምን እዚያ እንደቆመ ቢጠይቁት አይመልስም ነበር፤ እግሩ ነው የወሰደው። የኔታ ደርሰው ፊት ለፊቱ ቆሙ። እንደ ሌሎቹ አዩት፣ ከሌሎቹም የበለጠ አዩት።

«ሸብተሃል» አሉት።

«አዎ የኔታ።»

«ያን ጊዜ ሳትሰናበተኝ ነው የሄድክ።»

ፋንታ ዱቄት በተበተነበት መሬት ላይ ተንበረከከ። አርባ አንድ ዓመት የያዘው ነገር ከአፉ ሲወጣ አንዲት ቃል ብቻ ነበር። «ይፍቱኝ።»

የኔታ እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑ። «እግዚአብሔር ይፍታህ። እጅህን ይባርከው። እግርህን እንቅፋት አይንካው። እንዳሳየኸኝ ያሳይህ።» ሰልፉ ሁሉ አሜን አለ። ፋንታ ሊነሣ ሲል እጃቸውን አላነሡም፤ ጎንበስ ብለው፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ፣ በጆሮው ጨመሩለት።

«ትናንት ልጅህ በስልክ የነገረህን ሰምቼአለሁ። ከዚህ በኋላ የእግዜርን ናፍጣ አታፍስስ።»